ፋየርፎክስ ስለያዝኩ ብቻ የሥራ ማመልከቻው አልከፈትልኝ አለ፤ ምን ላድርግ?

የደሴ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም እንዴት ናችሁ። አርብ ማታ የሚዘጋ የሥራ ማስታወቂያ አለ። ማመልከቻው የሚሞላው በድረ ገጽ ብቻ ነው። ላፕቶፔ ዊንዶውስ 7 ነው፤ ብራውዘሬ ፋየርፎክስ 115። ገጹን ስከፍት ገና ቅጹን ሳላይ «ብራውዘርዎ አይደገፍም። አዲሱን ክሮም ይጫኑ» ይለኛል። እሺ ብዬ ክሮምን አወረድኩ። እሱ ደግሞ ዊንዶውስ 10 ካልሆነ አልጫንም አለ። የገዛሁት ፓኬጅ በከንቱ አለቀ። በዚሁ ፋየርፎክስ ኢሜይሌን አያለሁ፣ ሌላ ቅጽም ሞልቼ አውቃለሁ። ሲቪዬና ስካን የተደረጉ ሰነዶቼ በሙሉ ላፕቶፑ ላይ ናቸው። ሳይሞከር እንዴት «አይሠራም» ይባላል? በጣም ነው የተናደድኩት። መላ ያላችሁ እርዱኝ።

ወሎዬ
አይዞሽ እህቴ። አንድሮይድ ስልክ ካለሽ ክሮም ሳይኖረው አይቀርም። ፋይሎቹን በኬብል ወይም በብሉቱዝ ወደ ስልኩ አሳልፊ። ክሮም ላይ ሦስቷን ነጥብ ነክተሽ «ዴስክቶፕ ሳይት» የሚለውን ምረጪ። ሌላው ሁሉ እምቢ ካለ በዚህ ትወጪዋለሽ።

መገናኛ
ክሮም 109 ዊንዶውስ 7 ላይ ይሠራል። እምቢ የሚለው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እሱን ፈልገሽ ጫኚ።

ጣና ዳር
ወንድሜ፣ 109 የመጨረሻው መሆኑ ልክ ነው። ግን ጉግል ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ አቁሟል። ከማይታወቅ ድረ ገጽ ቢወርድ ምን አብሮት እንደሚገባ ማን ያውቃል? መታወቂያዋንና ዲግሪዋን ልታስገባበት ነው። እኔ አልመክርም።

እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ገጹ እንደተከፈተ ወዲያው ከመለሰሽ ምናልባት ምንም አልሞከረም። ያየው የብራውዘርሽን ስም ብቻ ሊሆን ይችላል። ማንኛውም ብራውዘር ድረ ገጽ ሲከፍት «እኔ እገሌ ነኝ፣ ስሪቴ ይሄ ነው፣ ያለሁት ዊንዶውስ ላይ ነው» ብሎ ራሱን ያስተዋውቃል። ይህ መተዋወቂያ ዩዘር ኤጀንት ይባላል። ልትቀይሪው ትችያለሽ፤ እንዲህ አድርጊ፦

ከፋየርፎክስ ከራሱ የኤክስቴንሽን (ብራውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) መደብር «ዩዘር ኤጀንት ስዊቸር» ብለሽ ፈልጊ። ከሌላ ቦታ እንዳታወርጂ። ከጫንሽ በኋላ «ክሮም፣ ዊንዶውስ 10» የሚለውን ምረጪና ገጹን እንደገና ክፈቺ። ቅጹ ከመጣ በስሙ ብቻ ነበር የከለከሉሽ። ባዶ ነጭ ገጽ ከመጣ ግን ብራውዘርሽ የሌለው ነገር በእርግጥ አለ፤ ያኔ ወደ ወሎዬ መላ ሂጂ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። «ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ» የሚል ገጽ እየደጋገመ ካስቸገረሽ ስሙን ወደ ነበረበት መልሺ። ስምና ጠባይ ሳይገጥሙ ሲቀሩ እንዲህ ያለው ጥበቃ ይጠራጠራል። ሥራሽን ስትጨርሺ ደግሞ ኤክስቴንሽኑን አጥፊው። ባንክሽን እሱ በርቶ አትክፈቺ።

ኮድ ጸሐፊ
ድረ ገጽ መሥራት እንጀራዬ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አልችልም።

ይህ የቆየ በሽታ ነው። ዛሬ ክሮምም ሳፋሪም ፋየርፎክስም ሲተዋወቁ «ሞዚላ» ብለው ነው የሚጀምሩት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ድረ ገጾች የተሻለውን ገጽ ኔትስኬፕ ለሚባለው ብራውዘር ብቻ ይሰጡ ነበር፤ የኔትስኬፕ መጠሪያ ደግሞ ሞዚላ ነበር። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር እንዳይቀርበት ያንኑ ስም ያዘ። ሌሎቹም ተከተሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ኦፔራ የሚባለው ብራውዘር ስሪት 10 ሲወጣ፣ አንዳንድ ገጾች የመጀመሪያዋን ቁጥር ብቻ አንብበው «ስሪት 1 ነው፣ አርጅቷል» አሉ። ኦፔራ 10 ሆኖ ሳለ 9.80 ነኝ ለማለት ተገደደ። ቪቫልዲ የሚባለው ብራውዘርም እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ የራሱን ስም ከመተዋወቂያው አውጥቶ ክሮም መሰለ። ገጽ የሚያሳይበት ሞተሩ ከክሮም ጋር አንድ ነው፤ ግን ስሙ ሲታይ ይከለከል ነበር። ትንንሾቹ ብራውዘሮች ስማቸውን ሲደብቁ ደግሞ በተጠቃሚዎች ቆጠራ ላይ ጭራሽ አይታዩም። ያኔ አለቃ «ማንም አይጠቀምበትም፣ ተወው» ይላል።

እኔም አድርጌዋለሁ። ለአንድ ድርጅት ስሠራ የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ነበር። ክሮም ላይ ብቻ ሞክሬ፣ ሌላውን የሚመልስ ሦስት መስመር ኮድ ጻፍኩ። በማግስቱ የድርጅቱ ሒሳብ ሠራተኛ መግባት አቃታት፤ ፋየርፎክስ ነበር የያዘችው። ሦስቱን መስመር አጠፋኋቸው። ምንም የተበላሸ ነገር አልነበረም! ሁሉም ነገር ፋየርፎክስ ላይ ይሠራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስም አልጠይቅም፤ የሚያስፈልገኝ ነገር ብራውዘሩ ላይ መኖሩን ነው የማረጋግጠው። ከሌለም ማስጠንቀቂያ አሳያለሁ እንጂ ሰው አላባርርም።

ከሪያድ
እናቴ አገር ቤት ኦፔራ ሚኒ ነው የምትጠቀመው፤ ሜጋ ስለሚቆጥብላት። እሷም ቅጽ እምቢ ሲላት ይኸው የስም ነገር ነው?

ኮድ ጸሐፊ
አይደለም፣ እህቴ። ኦፔራ ሚኒ ዳታ በከፍተኛ ደረጃ ሲቆጥብ ገጹን የሚያዘጋጀው በራሱ ሰርቨር ላይ ነው። ስልኳ የሚደርሰው ተጨምቆ ነው። ሲጻፍበት ወዲያው የሚለዋወጥ ቅጽ በዚህ መንገድ በደንብ አይሠራም። ለቅጹ ጊዜ ብቻ ቁጠባውን ዝቅ ታድርገው ወይም በሌላ ብራውዘር ትክፈተው።

የደሴ ልጅ
ጣና ዳር፣ እግዚአብሔር ይስጥህ! ስሙን ስቀይር ቅጹ ወዲያው መጣ። ሁሉንም ሞላሁ። ሲቪ የማስገቢያው ቦታ ላይ ግን መንኮራኩሩ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይጨርስም።

ጣና ዳር
አድራሻው አጠገብ የጋሻ ምልክት አለች። እሷን ነክተሽ ለዚህ ገጽ ብቻ ጥበቃውን አጥፊና እንደገና ሞክሪ። አንዳንዴ ፋየርፎክስ የክትትል ኮድ ሲከለክል ገጹ የሚፈልገውም አብሮ ይታገዳል። የሞላሽውን መጀመሪያ ኖትፓድ ላይ ገልብጪ፤ ገጹ ሲታደስ ይጠፋል።

የደሴ ልጅ
ገባ! መመዝገቢያ ቁጥርም ሰጠኝ። ኤክስቴንሽኑንም አጥፍቻለሁ።

ኮድ ጸሐፊ
እንኳን ደስ አለሽ። አንድ ልለምንሽ፤ ለድርጅቱ ጻፊላቸው። «ቅጻችሁ በፋየርፎክስ 115፣ በዊንዶውስ 7 በትክክል ይሠራል። እንዳይከፈት የሚከለክለው የብራውዘር ስም ማጣሪያው ብቻ ነው። እባካችሁ አንሱት» በይ። ስሪቱን በቁጥር ጥቀሺ፣ የመከልከያውን ገጽ ፎቶም አያይዢ። ገጹን የሠራው ሰው ያን ሲያይ የት መንካት እንዳለበት ያውቃል።

የደሴ ልጅ
አሁኑኑ ላኩት። የማመልከቻው ጊዜ ገና ሁለት ቀን ይቀረዋል፤ እንደኔ የተመለሰ ሌላ ሰው ይኖራል።