ድሬ ላለች እናት አዳሪ ሠራተኛ ከውጭ ሆኖ መቅጠር፦ ደሞዙ በምን ይተመን?

የሳቢያን ልጅ፦

ሰላም ለድሬና ለሐረር ሰዎች። ያለሁት ጀርመን ነው። እናቴ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ብቻዋን ትኖራለች። 74 ዓመቷ ነው፤ ስኳር አለባት፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ግን ቀስ ብላ ራሷ ትንቀሳቀሳለች። አዳሪ ሠራተኛ ልቀጥርላት ነው። ደላላው 4,500 ብር አለኝ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ «3,000 ይበቃል፤ በልታ ጠጥታ፣ ቤት ኪራይ ሳትከፍል ነው የምታድረው፤ ሰፈሩን አታስወድጂብን» ትላለች። ወደ ዩሮ ስመነዝረው ሁለቱም ያሳፍረኛል። ዝም ብዬ እጥፍ ልክፈል ወይስ ሌላ መተመኛ አለ?

ሥራው ምግብ ማብሰል፣ ማጽዳት፣ ልብስ ማጠብ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ እንጀራ መጋገር፣ ቀፊራ ሄዶ መገብየት፣ ሌሊት እናቴ ሽንት ቤት ስትነሳ አብሮ መነሳት ነው። ደሞዝ ውስጥ የሚቆጠረውና የማይቆጠረው የቱ ነው?

ሂሳብ ይቅደም፦

ሁለቱም የነገሩሽ ቁጥር ሰዓት የለውም። «አዳሪ» ስንት ሰዓት እንደሆነ ሳይነገር የተጠራ ብር ብዙም ይሁን ትንሽ ማወዳደሪያ የለውም። ስለዚህ ከተመላላሽ ተነሺ። ይህንኑ ሥራ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን፣ ማታ ቤቷ እየገባች የምትሠራ ሴት በእናትሽ ሰፈር ስንት ትጠይቃለች? ቢያንስ አምስት ቤት አስጠይቂ። ቀጣሪዎችን ብቻ ሳይሆን ሠራተኞቹንም፤ ቀጣሪ ብዙ ጊዜ የሚነግርሽ መጀመሪያ የተዋዋለበትን ነው፣ በኋላ የጨመረውን አይነግርሽም።

ቀጥሎ የቀኑን ሰዓት ቁጠሪ። ድሬ ላይ ሥራ ፀሐይ ሳይበረታ ነው የሚያልቀው፤ ጋገራውም ገበያውም ጠዋት ነው። ከንጋቱ 12 እስከ ቀኑ 7 ሰዓት፣ 7 ሰዓት ነው። ከ7 እስከ 10 ሙቀቱ ነው፣ እናትሽም ይተኛሉ፣ እሷም ትረፍ። ከ10 እስከ ምሽቱ 3 ደግሞ 5 ሰዓት። ጠቅላላው 12 ነው። ከዚህ ላይ ለምግቧ፣ ለራሷ መታጠቢያና ቁጭ ለምትልበት 2 ሰዓት ቀንሺ፤ 10 ቀረ። በ6 ቀን 60 ሰዓት።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) የሳምንቱን መደበኛ ሥራ 48 ሰዓት ይለዋል። የቤት ሠራተኛን በቀጥታ አይሸፍንም፣ ግን ለመለኪያ ከእሱ የተሻለ የለም። ትርፉ 12 ሰዓት ነው። የቀን ትርፍ ሰዓት በ1.5 ስለሚባዛ 18 ይሆናል። 48 ሲደመር 18፣ 66። ለ48 ሲካፈል 1.375። የተመላላሿን ደሞዝ በዚህ አባዢው።

ለምሳሌ ተመላላሿ 3,600 ትጠይቃለች እንበል። በ1.375 ሲባዛ 4,950 ብር።

ሌሊቱ ለብቻው ነው። እናትሽ ሁለቴ ይነሳሉ፣ በየጊዜው ግማሽ ሰዓት ይወስዳል ብንል በቀን አንድ ሰዓት ነው። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ያለው ትርፍ ሰዓት ማባዣው 1.75 ነው። በወር 30 ቢሆን 52.5 ሰዓት። የተመላላሿ ሰዓት ዋጋ 3,600 ለ208 (48 በ52 ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል) ማለትም 17 ብር ከ30 ሳንቲም ገደማ ነው። ሲባዛ ወደ 910 ብር። ድምሩ 5,860፤ 5,900 ብለሽ ዝጊው። በዚህ ምሳሌ የደላላው 4,500 ከቀኑ 4,950ም ያንሳል፤ ሌሊቱንማ ጨርሶ አልቆጠረውም።

እኔ 3,600ን ለምሳሌ ነው የወሰድኩት። በአምስቱ ቤት መልስ ተኪው።

የለገሀሯ፦

ሂሳቡ ጥሩ ነው፤ የአክስትሽን ልጅ «በልታ ጠጥታ» ግን ማንም አልመለሰላትም። ምግብና አልጋ ከደሞዝ አይቀነስም። አዳሪ የፈለግሽው ለእናትሽ ሌሊት ነው፤ ክፍሉ የሥራ ቦታዋ ነው ማለት ነው። ሌሊት ሰው ባያስፈልጋቸው ኖሮ ተመላላሽ ትበቃሽ ነበር። ምግቡም ከአንድ ድስት ይሁን። የእናትሽ ወጥ ጨውና ዘይት የተቀነሰበት ከሆነ ለእሷ የምትወደውን የምትጨምርበት ወጪ ለአስቤዛው አስቢ፤ አለዚያ ከደሞዟ እያወጣች ውጭ ትበላለች።

ክፍሉን አሁኑኑ አስፈትሺ። በግንቦትና በሰኔ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቬንትሌተር ከሌለ አይተኛም። እንቅልፍ ያጣች ሠራተኛ ሦስት ወር አትቆይም፣ አንቺም ከደላላ ጋር እንደገና ትጀምሪያለሽ። የሚያስፈልጋት ቬንትሌተር፣ አጎበር፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በርና ዕቃዋን የምታስቀምጥበት ቁልፍ ያለው ሳጥን ነው።

አጎበሩን እንደ ቅንጦት አትዪው። ድሬ በ2006 ደንጊ፣ በ2011 ክረምት ችኩንጉንያ፣ በ2014 ደግሞ በከተማ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ በምትራባው ትንኝ የመጣ ወባ ያየ ከተማ ነው። የደንጊና የችኩንጉንያ ትንኝ የምትናከሰው ቀን ስለሆነ አጎበሩ ለቀትር እረፍትም ይዘርጋ። በርሜልና ጄሪካን ሁልጊዜ ይከደን፤ በርሜሉ በሳምንት አንዴ ግድግዳው ተፍቆ ይታጠብ፣ እንቁላሉ የሚለጠፈው እዚያ ነው። ይሄ ለእናትሽም ነው። ሠራተኛዋን ትኩሳት ከያዛት ሕክምናው በአንቺ ነው፣ የታመመችባቸው ቀናትም አይቆረጡ። ችኩንጉንያ የመገጣጠሚያ ሕመሙ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ «ሰነፈች» የሚባለው ያኔ ነው። ለእንዲህ ያለው ጊዜ ተተኪ ሴት ከወዲሁ ይታወቅ።

ሌላ የሚረሳ አለ፣ ልብስ አጠባ። የድሬ ውሃ ጨዋማ ነው፣ ሳሙና ቶሎ አይነሳለትም፤ በእጅ ማጠብ ጊዜም ዱቄትም ይበላል። አንሶላና ብርድ ልብስ በሳምንት አንዴ ለምትመጣ አጣቢ ስጪ፤ አዳሪዋ ቀላሉን ትጠብ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ደግሞ ሌሊት ተነስቶ በርሜል መሙላትም የሌሊት ሥራ ነውና ይቆጠር።

ሳሙና፣ የፀጉር ቅባት፣ ሞዴስ፣ ነጠላ ጫማ በየወሩ ከደሞዙ ውጭ ይሰጣት። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ግን እናትሽን «ስጪኝ» እያለች እንድትለምን አታድርጊ።

አቦ ድሬ፦

አቦ፣ «እጥፍ ልክፈል» ያልሽው ላይ ልቃወም። ሰዓቱ ሳይጻፍ ደሞዝ ብቻ ሲያድግ ሥራው ይከተለዋል። «ይህን ሁሉ እየተከፈላት» ተብሎ የአክስትሽ ልጅ ቤት ልብስ ትጠብ፣ እንግዳ ሲመጣ እስከ 5 ሰዓት ትቁም ይባላል። እናትሽም ይጨንቃቸዋል፣ ብዙ የተከፈላትን ሰው ማዘዝ ይፈራሉ ወይም ያለልክ ያዛሉ። በሂሳቡ የወጣውን ክፈዪ፤ ከዚያ በላይ መስጠት ከፈለግሽ ደሞዝ አታድርጊው፣ በዓመት ጉርሻ ወይም የማታ ትምህርት ክፍያ አድርጊው። የማታ የምትማር ከሆነ ከ11 እስከ 2 ሰዓት ነፃ ትሁንና ያ ጊዜ ከላይ ካለው 10 ሰዓት ይውጣ፤ እናትሽ ጋ የሚቀመጥ ሰው ግን አስቀድሞ ይታወቅ።

ሂሳብ ይቅደም፦

እጥፍ አልልም እኔም። ግን ከሰፈሩ ትንሽ ከፍ ማለት ጥቅም አለው፤ ደላላ በሦስተኛው ወር «የተሻለ አገኘሁልሽ» ብሎ ሲደውልላት መልሱ እሱ ነው። ደላላ የሚኖረው በቅያሪ ነው። ከሁለታችሁም ስለሚወስድ የእሷን ድርሻ አንቺ ክፈዪው፤ ከመጀመሪያ ደሞዟ ከተቆረጠ ወሩን በዕዳ ትጀምራለች። በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ብትሄድ ሌላ ያለ ክፍያ እንዲያመጣ ከእሱ ጋር በቅድሚያ ተስማሚ።

ሐረር በር፦

ሕጉን ባጭሩ። አዋጅ 1156 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን ከራሱ አውጥቶ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስነዋል ይላል። ስለዚህ የቤት ሠራተኛ ውል የሚዳኘው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ ከአንቀጽ 2601 ጀምሮ ያለው ስለ ቤት ሠራተኛ ነው፤ አብራ ለምትኖረው መኖሪያ፣ ምግብ፣ የሥራ ሰዓትና እረፍት ጤናዋን በሚጠብቅ መንገድ እንዲሆን ቀጣሪውን ያስገድዳል። በሕግ የተቀመጠ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል የለም። ልብ በሉ፣ ሠራተኛዋ እናትሽ ቤት የምትጋግረው እንጀራ ለሱቅ የሚሸጥ ከሆነ ነገሩ ንግድ ሆነ ማለት ነው፤ ያኔ «የቤት ሠራተኛ ናት» የሚለው መከራከሪያ አያዋጣም።

ዕድሜዋን አጣሩ። ከ15 በታች አይቀጠርም። ከ15 እስከ 18 ያለች በአዋጁ ልክ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አትሠራም፣ ሌሊትም አይፈቀድም። ለእናትሽ ሌሊት ስለሚያስፈልግ 18 የሞላት ብቻ። መታወቂያዋን ኮፒ አድርጉ፣ ዋናውን አትያዙ። ተያዥ የሚፈርመው ለማንነቷ እንጂ ለተሰበረ ሳህን አይደለም፤ ዕቃ ተሰበረ ተብሎ ደሞዝ የሚቆረጠው ብዙ ጠብ ያመጣል።

ውሉ አንድ ገጽ ይበቃል። የሥራ ዝርዝር፣ የእረፍት ሰዓት፣ ሙሉ 24 ሰዓት የሳምንት እረፍት (እሁድ ወይም ዓርብ፣ እንደ እምነቷ)፣ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ፣ ለመለያየት የአንድ ወር ማስታወቂያ። በአማርኛ ተጽፎ ኦሮምኛ ብቻ ለምትሰማ ልጅ ካስፈረማችሁ ውል የለም በሉት፤ በምትሰማው ቋንቋ ይነበብላት፣ ሁለት ምስክር ይኑር። በበዓል ከሠራች የዕለቱ ሰዓት በ2 ይባዛል። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ መሄድ የምትፈልግም ከሆነች ቀድማ ትናገር።

የሳቢያን ልጅ፦

በጣም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። የአክስቴ ልጅ «ለእኔ ላኪ፣ እኔ እሰጣታለሁ፤ ግማሹን አስቀምጥላታለሁ» ትላለች። ሁለተኛ፣ እናቴ ኢንሱሊን ትወጋለች፤ እስካሁን ጎረቤት ነርስ ናት የምትወጋት። ሠራተኛዋ ትልመደው?

የለገሀሯ፦

መርፌው ከነርሷ ጋር ይቆይ፣ ለእሷም ክፈያት። ሠራተኛዋ መልመድ ያለባት ስኳር ሲወርድ ምልክቱን ማወቅ ነው፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት። እናትሽ መዋጥ ከቻሉ ስኳር በውሃ ይጠጡ፣ ራሳቸውን ከሳቱ ግን ምንም ነገር አፋቸው ውስጥ ሳይገባ በቀጥታ ሐኪም ቤት። የባጃጅ ሾፌር ስልክና የተቀመጠ ብር በር አጠገብ ይኑር። በኋላ መርፌውንም ከነርሷ ተምራ ከተረከበች ለነርሷ ይከፈል የነበረው ወደ እሷ ደሞዝ ይዙር።

ሂሳብ ይቅደም፦

«አስቀምጥላታለሁ» የሚለው አይሆንም። በመለያየት ቀን «ስንት ተቀመጠልኝ?» የሚለው ጥያቄ ቤተሰብ ያጣላል። በስሟ የባንክ ደብተር ወይም ቴሌብር ይከፈት፣ ደሞዙ በሙሉ እዚያ ይግባ። የስልኩ መልእክት ለሁለታችሁም ደረሰኝ ነው። ስልክ ከሌላት የመጀመሪያው ወጪሽ እሱ ይሁን። የአስቤዛውና የደሞዙ ገንዘብ በአንድ ላይ አይላክ፤ ዘይት ሲወደድ መጀመሪያ የሚዘገየው የእሷ ነው።

ጳጉሜን አትርሺ። በኢትዮጵያ ወር ከከፈልሽ በ12 ደሞዝ የተከፈላት ለ360 ቀን ነው፤ አዳሪ ደግሞ ጳጉሜም ትሠራለች። ከ5,900 ላይ የ5 ቀኑ 983 ብር ነው፤ በ2019 ጳጉሜ 6 ስለሆነች 1,180። በፈረንጅ ወር መክፈል ከመረጥሽ ይህ ችግር የለም፣ ለእሷ ግን ቀኑን አስረጂያት።

ጭማሪውን በየስድስት ወሩ እዪው። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ ነው የሚመነዘረው፤ ዩሮሽ ብዙ ብር ሲያወጣልሽ የእሷ ብር ግን ያነሰ ይገዛል። በተቀጠረችበት ቀን ደሞዟ ስንት ኪሎ ጤፍ፣ ስንት ኪሎ ማሽላ እንደሚገዛ ውሉ ጀርባ ጻፊ። ቤተሰቧ ሐረርጌ ገጠር ከሆነ የምትልከው ብር የሚለካው በማሽላው ነው። በስድስተኛው ወር ያንኑ ኪሎ የማይገዛ ከሆነ ልዩነቱን ጨምሪ።

የስንብቱንም አሁን ጀምሪ። አዋጁ ለሌላው ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያን ሲሶ ይላል። አያስገድድሽም፤ ብትከተዪው ግን በሦስት ዓመት 50 ቀን፣ በ5,900 ሂሳብ 9,833 ብር ነው። በየወሩ 500 ብር ለብቻው ብታስቀምጪ በሦስት ዓመት 18,000 ይሆናል፣ ደሞዙ ቢጨምርም ይሸፍነዋል።

አቦ ድሬ፦

ማን እንደሚያዛትም ይወሰን። እናትሽ ብቻ። የአክስትሽ ልጅ በሳምንት አንድ ቀን ትምጣና እረፍቷን ትተካላት፤ ደሞዙን እኔ ልያዝላት ከምትል የእሷ እርዳታ እዚያ ላይ ይበልጣል። አንቺ ደግሞ በወር አንዴ ለሠራተኛዋ ለብቻዋ ደውዪ፣ እናትሽ በሌሉበት፦ ሌሊት ስንቴ ተነሳሽ፣ ቀትር ላይ ተኛሽ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ሌሊቱ ከሁለቴ ወደ አራቴ ከወጣ የ910ሯን ብር እንደገና አስሊ፣ እናትሽንም ሐኪም ይያቸው፤ ስኳሩ ከፍ ሲል ሽንት ያበዛል።