የጋራ ዕቅድ፦ የሬዚደንቶችን (በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞችን) የማመዛዘን ችሎታ መለካትና ማጠናከር (ረቂቅ 2)

አስተባባሪ፦ በረቂቅ 1 ያሰፈርነው መለኪያ ባለ 40 ጥያቄው የዋትሰን ግሌዘር ፈተና ነበር። ይቆይ ወይስ ይቀየር? እስከ ዓርብ ማታ ሐሳባችሁን ጻፉ።

ውስጥ ደዌ፦ ይውጣ። የሚለካው ጠቅላላ አመክንዮ ነው፤ የእንግሊዝኛ ንባብም አብሮ ይፈተናል። የእኛ ችግር ሌላ ነው። ሬዚደንቱ የቲቢንም የሊምፎማንም (የሊምፍ ካንሰር) ምልክት አብጠርጥሮ ያውቃል፤ ካርዱ ላይ «የእጢ ቲቢ» ከተጻፈ በኋላ ግን የሚመጣው ውጤት ሁሉ ወደዚያው ይጎተታል። መድኃኒት ተጀምሮ እጢው ሲጨምር «ፓራዶክሲካል ሪአክሽን ነው» (ሕክምናው እየሠራም ምልክቱ ለጊዜው ይብሳል) ይባላል። እውነት ሊሆንም ይችላል፤ ክፋቱም እሱ ነው። በመርፌ በተወሰደ ናሙና ግራኑሎማ (ቲቢን የሚያስጠረጥር የሴሎች ክምችት) መታየቱ ሆጅኪን ሊምፎማን አያስቀርም፤ ለመለየት እጢው ወጥቶ ባዮፕሲ መሠራት አለበት። ስለዚህ ስክሪፕት ኮንኮርዳንስ ቴስት ይሁን።

ቀዶ ሕክምና፦ ዶክተር፣ እስኪ አንድ ጥያቄ ጽፈው ያሳዩን። ሁላችንም አናውቀውም።

ውስጥ ደዌ፦ የ28 ዓመት ወንድ፣ የአንገት እጢ፣ የቲቢ መድኃኒት ከጀመረ 2 ወሩ፣ እጢው ጨምሯል። «ሊምፎማ ጠርጥረው ሳለ ራጁ ላይ ሚዲያስቲነሙ (በሁለቱ ሳንባዎች መካከል ያለው ክፍል) ሰፍቶ ቢያገኙት፣ ጥርጣሬዎ ይጠነክራል ወይስ ይላላል?» መልሱ ከ−2 (በጣም ይላላል) እስከ +2 (በጣም ይጠነክራል) ነው። አስቀድሞ የተቀመጠ ትክክለኛ መልስ የለም፤ 15 ስፔሻሊስቶች ይመልሱታል። 9ኙ +1፣ 3ቱ +2፣ 3ቱ 0 ካሉ፣ +1 ያለ ሬዚደንት 1 ነጥብ ያገኛል፤ +2 ወይም 0 ያለ 3 ለ9፣ ማለትም 0.33፤ ሌላ የመለሰ ዜሮ። 20 ኬዝ በ3 በ3 ጥያቄ፣ አንድ ሰዓት ይበቃል።

ስታቲስቲክስ፦ ጥሩ ነው፤ ግን ወጥመድ አለው። ጫፎቹን እየሸሸ መሀል መሀሉን የሚመልስ ሰው ያለ አግባብ ነጥብ ይሰበስባል። አብዛኛው ፓነል (መላሾቹ ስፔሻሊስቶች) −2 ወይም +2 ላይ የሚያርፍባቸው ጥያቄዎች ቢያንስ ሲሶ ይሁኑ። የፓነሉ መልስ ከጫፍ ጫፍ የተበተነበት ጥያቄ ይጣል፤ አጻጻፉ አሻሚ ነው ማለት ነው።

ቀዶ ሕክምና፦ ስልጠናውስ? ረቂቁ «የ2 ቀን ወርክሾፕ» ይላል። አበል ከመብላት ያለፈ ጥቅም አይታየኝም። ይልቅ ሞርኒንግ (የጠዋት የኬዝ ውይይት) ላይ አቅራቢው ምርመራውን ከተናገረ በኋላ ሁለት ነገር ይመልስ፦ ከዚህ ምርመራ ጋር የማይሄደው ግኝት የቱ ነው? ምን ውጤት ቢመጣ ሐሳብህን ትቀይራለህ? ለአንድ ኬዝ 3 ደቂቃ። ሲኒየሩ (ስፔሻሊስት ሐኪሙ) መጨረሻ ይናገር፤ ቀድሞ ከተናገረ ክፍሉ በሙሉ እሱን ይከተላል። ሲኒየሮቹ ይህን ካልተቀበሉ የቀረው ወረቀት ነው።

ሕፃናት ሕክምና፦ ፈተናው ከዱቲ (የሌሊት ተረኝነት) ማግስት አይሁን፤ ድካም ነው የሚለካው። ውጤቱ ለዲፓርትመንት ኃላፊ እንደማይደርስም ፈቃድ መጠየቂያው ላይ ይጻፍ። አለበለዚያ ወይ አይመጡም ወይ ተመካክረው ይሠራሉ።

ስታቲስቲክስ፦ ለማነጻጸር ሬዚደንቶችን በዕጣ መክፈል አይሠራም፤ ሞርኒንጉ አንድ ነው። በሆስፒታል እንክፈል፦ የውስጥ ደዌ ብቻ፣ 4 ሆስፒታል፣ ሁለቱ አሁን፣ ሁለቱ ከ3 ወር በኋላ። አራት ብቻ ስለሆኑ «ለውጥ አመጣ» ብለን መደምደም አንችልም፤ ዓላማው ላይ «አዋጭነቱን መፈተሽ» ይባል።

አስተባባሪ፦ ተስማምተናል። ዶክተር፣ 30 ኬዝ ያዘጋጁልን፤ አሥሩ መጣሉ አይቀርም። የቀረው ፓነሉ ነው። ከራሳችን ሲኒየሮች ከሆነ ሬዚደንቱ የሚመዘነው በእነሱ ልማድ ነው። 5ቱ ከውጭ ቢሆኑስ?

ውስጥ ደዌ፦ ያንሳሉ። ከ15ቱ 8ቱ ከአራቱ ሆስፒታሎች ውጭ ይሁኑ።