ባለ አንድ ሞተር ወይስ ባለ ሁለት? እስከ ባልቲሞር ካንየን ደርሶ ለመመለስ የሚበቃ ነዳጅ

የአሌክሳንድሪያው አጥማጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ሁለት ጓደኞቼ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ በትንሽ ጀልባ ስናጠምድ አምስት ዓመት ሆነን። ዘንድሮ ገንዘብ አዋጥተን፣ ከሜሪላንዷ ኦሽን ሲቲ ተነሥቶ ባልቲሞር ካንየን የተባለው የባሕር ሥር ሸለቆ ድረስ የሚያደርሰን ጀልባ ለመግዛት ወስነናል። ሐሳባችን ቱና ነው። በጀልባዬ የካርታ መሣሪያ ስለካው ከወደቡ አፍ እስከምናጠምድበት ቦታ 60 ማይል ገደማ ነው።

ሁለት ያገለገሉ ጀልባዎች አይተናል። አንደኛው 25 ጫማ ነው፤ ከኋላው አንድ ባለ 300 የፈረስ ጉልበት ሞተር ተሰቅሎለታል፤ ታንኩ 140 ጋሎን ይይዛል። ሻጩ በጋሎን 2 ማይል ይሄዳል ይላል። ሌላው 31 ጫማ ሆኖ ሁለት ባለ 300 ሞተሮች አሉት፤ 270 ጋሎን ይይዛል፤ በጋሎን 1.3 ማይል ይሄዳል። ደርሶ መልሱ 120 ማይል ከሆነ ትንሹ በ60 ጋሎን ይጨርሰዋል፤ ከታንኩ ግማሽ በላይ ይተርፈናል። ትልቁ ግን 92 ይበላል። ሦስታችንም በደመወዝ የምንኖር ሰዎች ነን። ትንሹን ብንገዛ የምንሳሳተው ነገር ይኖራል?

የምጽዋው መካኒክ

ወንድሜ፣ ከመግዛትህ በፊት መጠየቅህ ደግ ነው፤ ሒሳቡ ግን እንደገና ይሠራ።

መሣሪያህ የነገረህ የባሕር ማይል ነው፤ ሻጩ የሚቆጥረው የመንገድ ማይል ነው። የባሕሩ 1,852 ሜትር፣ የመንገዱ 1,609 ሜትር ነው። ስለዚህ 60 ያልከው 69 ነው፤ ደርሶ መልሱም 138። ገና ገመድ ሳትፈታ 9 ጋሎን ጎደለህ ማለት ነው።

እዚያ ስትደርስም ሞተር አጥፍተህ አትቀመጥም። መንጠቆ እየጎተትክ በ6 ወይም በ7 ኖት (በሰዓት 6 ወይም 7 የባሕር ማይል) ስትዞር ትውላለህ። እንዲህ ያለው ሞተር በዚያ ፍጥነት በሰዓት 4 ጋሎን ያህል ይጠጣል፤ በስድስት ሰዓት 24 ጋሎን። ድምሩ 93 ሆነ። ከ140ው ደግሞ አሥር በመቶውን ከሒሳብ አውጣው፤ ታንኩ ወለል ላይ የሚቀረውን ነዳጅ መሳቢያው ቧንቧ አያገኘውም። 126 ብለህ ያዝ። የሚተርፍህ 33 ጋሎን፣ ሩብ ገደማ ነው። የባሕር ሰው ደንብ ግን ሲሦው ለመሄጃ፣ ሲሦው ለመመለሻ፣ ሲሦው ለክፉ ቀን ነው።

ክፉ ቀን ስል ያየሁትን ነው የምናገረው። ከስምንት ዓመት በፊት በወዳጄ ባለ አንድ ሞተር ጀልባ፣ ባለ 120 ጋሎን ታንክ፣ ከዚያው ቦታ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ቤት ተነሣን። ነፋሱ ዞረና ከሰሜን ምዕራብ ፊት ለፊት መጣብን። ሞገዱ አራት ጫማ ሲደርስ ጀልባው እንደ ጠዋቱ ውኃው ላይ እየተንሸራተተ መሄድ አልቻለም፤ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 13 ማይል ወረደ። ከሁሉም የከፋው ፍጥነት ይህ ነው። አፍንጫው ሽቅብ ተነሥቶ፣ ኋላው ተቀብሮ፣ ጀልባው ባሕሩን ያርሳል እንጂ አይሄድም። ከአንድ ጋሎን የምናገኘው አንድ ማይል ብቻ ነበር። ሞገዱን ሲወጣ ነዳጁ ወደ ኋላ ይፈስና መርፌው ግማሽ ያሳያል፤ ሲወርድ መርፌው ወደ ባዶ ይወድቃል። ወዳጄ የሚያየው ግማሹን ነበር፣ እኔ ባዶውን። በወጣትነቴ በምጽዋ ባሕር ኃይል ሞተር ክፍል ስሠራ አለቃችን ታንክ በዘንግ ያስለካን ነበርና መርፌ ማመን አልለመድኩም።

ሃያ ማይል እንደሄድን ፍጥነቱን ወደ 7 ኖት አስወረድኩት። በዚያ ዝግታ ጀልባው ውኃውን መታገሉን ይተውና ከጋሎን ሁለት ማይል ይሰጣል። ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ገባን። በማግሥቱ ታንኩን ስንሞላው 106 ጋሎን ወሰደ። ቧንቧው ሊያገኘው የሚችለው 2 ጋሎን ብቻ ቀርቶ ነበር።

አሁን ትልቁን ተመልከት። ከ270ው 243 ያዝ። ለጉዞ 106፣ ሁለቱ ሞተሮች ለስድስት ሰዓት ሲጎትቱ 42፤ ጠቅላላ 148። የሚተርፍህ 95 ጋሎን ነው፤ ከሲሦ በላይ። አንዱ ሞተር ቢሞት ሌላው ቀስ አድርጎ ያስገባሃል። ልዩነቱ በአንድ ጉዞ 55 ጋሎን፣ ለሦስት ስትካፈሉት ለሰው 18 ጋሎን ነው። እኔ ብሆን እከፍለዋለሁ።

የኖርፎክ እናት

ጋሼ የጻፉት ሁሉ ልክ ነው፤ አንድ ነገር ልጨምር። የሻጭን ቁጥር አትቀበል። ባለቤቴ የገዛው ጀልባ በጋሎን 1.5 ይሄዳል ተብሎ ነበር፤ ስንለካው 1.1 ሆነ። ከውኃ ሲወጣ ሆዱ በሙሉ ቅርፊት በለበሱ ትንንሽ የባሕር እንስሳት ተሸፍኖ አገኘነው፤ ጣት ሲነካቸው ያደማሉ። ተፍቆ ቀለም ሲቀባ ወደ 1.4 ተመለሰ።

ክብደትም አለ። አንድ ጋሎን ቤንዚን 2.8 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ 270 ጋሎን ከ700 ኪሎ በላይ ነው። አራት ሰውና በረዶ ጨምርበት። ስለዚህ ታንኩን አስሞልተህ፣ ጓደኞችህን አሳፍረህ ሞክረው። የሞተሩን ዙር በየ500ው ከፍ እያደረግክ በሳተላይት (ጂፒኤስ) የሚለካውን የጀልባውን ፍጥነትና በሰዓት የሚፈጀውን ጋሎን በወረቀት ጻፍ፤ ፍጥነቱን ለጋሎኑ አካፍል። የማጣሪያውን ነዳጅም በብርጭቆ ቀድተህ እየው። እዚህ አገር ቤንዚኑ ኢታኖል ስላለበት ውኃ ይስባል፤ ውኃው ከሥር ተለይቶ ይታይሃል።

ፀጥ ያለ ባሕር

እኔ ያን የሚያህል ባለ አንድ ሞተር ጀልባ አለኝ፤ አልጸጸትም። ካንየን የምሄደው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ትንበያው ለሁለት ቀን ጸጥታ ሲል ብቻ። በቀረው ጊዜ ከ30 ማይል አላልፍም፤ እዚያም ዓሣ አለ። በዓመት ስንት ጊዜ ሩቅ እንደምትወጡ ቁጠሩና ግዙ።

የምጽዋው መካኒክ

ይህም እውነት ነው። ትንበያ ጠብቆ ቀኑን የሚተው ሰው በትንሹ ይኖራል። ሦስት ሰው በጋራ ሲገዛ ግን ሁልጊዜ ከመካከል አንዱ "ዛሬ እንሂድ" ይላል።

የአሌክሳንድሪያው አጥማጅ

ጋሼ፣ "እንሂድ" የሚለው እኔ ነኝ። ለካ ማይሉን ገና ከመነሻው አሳስቼው ነበር። የትልቁን ሻጭ ደውዬ አነጋገርኩት፤ ነዳጁን እኛ ከሞላን ቅዳሜ ጠዋት ባሕር ላይ ሊያስሞክረን ተስማምቷል። ሦስታችንም እንሄዳለን፤ አራት ከረጢት በረዶም እንጭናለን። የምጽፈውን ወረቀት እዚሁ አምጥቼ አሳያችኋለሁ።