ጅማ ላይ የጎልማሶች ክፍል እንደገና ልንጀምር ነው፣ ተማሪ እንዳይበተንብን ከየት እንጀምር?

አዌቱ ማዶ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ አሰላሙ አለይኩም። ጅማ ነኝ። የሰፈራችን እድር ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ አባላትና ጎረቤቶች የማታ ክፍል ከፍቶ ነበር። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ መጋዘን ውስጥ ቡና ሲለቅሙ የሚውሉ፣ ጉልት የሚቸረችሩ፣ ጥቂት ወንዶችም አሉ ጥበቃና የቀን ስራ የሚሰሩ። መስከረም ላይ ክፍሉ ሞልቶ ቆሞ የሚማር ሁሉ ነበር፣ ህዳር ሲገባ ግን ተበተኑ፣ ጥር ላይ የተመለሱትም ፊደሉ ስለጠፋባቸው እንደገና ከመጀመሪያው አስጀምሩን አሉ። አሁን ሁለተኛውን ዙር ልናቅድ ነው፣ የተግባር ተኮር ጎልማሶች ትምህርት መጽሐፍ አለን፣ አንዲት ጎበዝ አመቻችም (የጎልማሶች አስተማሪ) አለችን። ኮሚቴው ግን ለሁለት ተከፍሏል፣ ግማሹ ቀንና ሰዓት እንጨምር ይላል፣ ግማሹ ደግሞ ሰው ፍላጎት የለውም ይቅር ይላል። ለኔ ሁለቱም አልተዋጠልኝም፣ ፍላጎት የሌለው ሰው ቀኑን ሙሉ ሲሰራ ውሎ ማታ ጭቃ እያቋረጠ አይመጣማ። በአፋን ኦሮሞ ይሁን በአማርኛ የሚለውም ገና አላለቀም። የሰራችሁበት ሰዎች ካላችሁ እስኪ አማክሩኝ።

አመቻች ከጎማ፦
ወንድሜ ህዳር ላይ የወሰደባችሁ ቡናው ነው። ከጥቅምት እስከ ታህሳስ እሸቱ ሲቀላ በጅማ ዙሪያ ያለው አገር፣ ማና በለው ጎማ በለው ጌራ በለው ሊሙ ሁሉም ለቃሚ ይፈልጋል፣ ሰው የዓመት ልብሱንም የልጆቹን ደብተርም የሚያገኘው ያኔ ነው፣ ከዛ ጀንፈሉ (ከነገለባው የደረቀው ቡና) ተፈልፍሎ ከተማ ሲገባ ደግሞ የመጋዘኑ ለቀማ ይጦፋል። እናንተ ግን መስከረም የምትከፍቱት የልጆች ትምህርት ቤት መስከረም ስለሚከፈት ነው አይደል? የጎልማሳ ትምህርት እኮ በዛ ካላንደር መሄድ የለበትም። የተግባር ተኮር ፕሮግራሙ የታሰበው ለሁለት ዓመት ነው፣ ወራቱን እንደ አካባቢያችሁ ስራ ብታደላድሉት ማንም አይከለክላችሁም። እኛ ጋ ትምህርቱ የሚጠናከረው ከጥር መጨረሻ በኋላ ነው፣ ጥቅምት ሲገባ ራሳችን እንዘጋለን፣ ማንም ቀረ ተብሎ ስሙ አይሰረዝም። ሲሄዱ ግን ባዶ እጃቸውን አንልካቸውም፣ አንድ ትንሽ ደብተር ይይዛሉ፣ ቀኑን፣ የለቀሙትን ኪሎ፣ የተከፈላቸውን ብር ማታ ማታ በራሳቸው እጅ የሚጽፉበት። ይቺ ደብተር ፊደልና ቁጥር እንዳይጠፋ በጣም ትረዳለች፣ ከዛም አልፎ ከመዛኙ ጋር ሲተሳሰቡ ማስረጃ ትሆናቸዋለች፣ ይሄን ያየች ሴት ደግሞ ጥር ላይ ለምኑኝ ሳትል ትመጣለች።

ሐሙስ ክፍል አታድርጉ፣ ገበያ ነው። ረመዳንም በየዓመቱ 10 ወይ 11 ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ እቅዱ ላይ ከአሁኑ አስገቡት፣ በዛ ወር የማታ ክፍል አይሆንም፣ ከዙህር (ከቀትር ሶላት) በኋላ አድርጉት።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ እግዜር ይስጥህ፣ ጥሩ ነገር ነው ያነሳኸው። እኔ 1971 ክረምት ላይ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሲጀመር ገና ለጋ አስተማሪ ነበርኩ። መጀመሪያ በ5 ቋንቋ ተጀምሮ በኋላ 15 ደርሷል፣ ከዩኔስኮም ያሸለመ ትልቅ ስራ ነበር፣ ዛሬ ሰው ሲያወራው ግን ሰርተፊኬት የተሰጠውን ሰው ብዛት ብቻ ነው የሚቆጥረው። ሰርተፊኬቱን ከወሰዱት ውስጥ ፊደሉን ይዞት የቀረው ማን እንደሆነ አይቻለሁ። ቤቱ የሚነበብ ነገር ያለው ነው። ቁርአንም ይሁን የጸሎት መጽሐፍ፣ ከወታደር ልጅ የሚመጣ ደብዳቤም ይሁን የገበሬ ማህበር መዝገብ፣ የሚያነበው ያገኘ ሰው ያዘው፣ ምንም ያላገኘው ጠፋበት። ድህረ መሠረተ ትምህርት ተብሎ ንባብ ቤትም የተከታታይ ማንበቢያም የተዘጋጀው ይሄው ችግር ስለታየ ነበር፣ ግን በየቦታው እኩል አልደረሰም።

ስለዚህ የኔ ምክር መጽሐፉን ከመክፈታችሁ በፊት ሁለት ሶስት ሳምንት ሰዎቹን ጠይቁ። ምን ማንበብ አቅቶሽ ተቸገርሽ? በሏት፣ መማር ትፈልጊያለሽ ወይ አይደለም ጥያቄው። አንዷ የመድኃኒት አወሳሰድ ትላለች፣ አንዷ የልጄን ካርድ፣ አንዷ የእቁብ ዝርዝር፣ አንዱ ጥበቃ የመኪና ታርጋ መመዝገብ ይላል። የመጀመሪያዎቹ ቃላት ከዚህ ይውጡ። ሪፍሌክት የሚባለው ዘዴ ከ1993 እስከ 1995 በፈረንጅ አቆጣጠር በኡጋንዳ፣ በባንግላዴሽና በኤልሳልቫዶር ሲሞከር ያለ መማሪያ መጽሐፍ ነው የተሞከረው፣ ሰዎቹ ራሳቸው የሰፈራቸውን ካርታ፣ የስራ ካላንደራቸውን፣ ገቢና ወጪያቸውን መሬት ላይ በእንጨትና በጠጠር ይሰሩና ቃላቱም ቁጥሩም ከዛ ይወጣል። እናንተ መጽሐፉን ጣሉት አልልም፣ ተራውን ግን እነሱ ይወስኑት።

ሂሳብ ላይ ደግሞ 1 ሲደመር 1 ብላችሁ እንዳትጀምሩ አደራ። ጉልት የምትቸረችር ሴት ከኔና ካንተ ፈጥና በቃሏ ታሰላለች፣ የጎደላት በወረቀት ማስፈሩ ብቻ ነው። 1 ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን ታውቃለች፣ 3 ፈረሱላ ተኩል ስንት ኪሎ ነው በሏትና መጀመሪያ በቃሏ ትንገራችሁ፣ ከዛ የነገረቻችሁን አብራችሁ ጻፉት።

የዓይን ነርስ፦
ማንም ያላነሳው ነገር ልጨምር። ተማሪዎቻችሁ ዕድሜያቸው ስንት ነው? ሰው 40 ዓመት አካባቢ ሲደርስ የቅርብ እይታው መድከም ይጀምራል፣ በሽታ ሳይሆን የዕድሜ ነገር ነው፣ ሁሉም ሰው ላይ ይመጣል። ድሮ የሚያነብ ሰው ጋዜጣውን ራቅ አድርጎ ሲይዝ ያውቀዋል፣ አንብቦ የማያውቅ ሰው ግን ፊደሉ የደበዘዘበት ዓይኑ ደክሞ መሆኑን በምን ያውቃል? አእምሮዬ አርጅቷል አይገባኝም ብሎ ይቀራል። ማታ በደካማ አምፖል ሲሆን ደግሞ ይብሳል። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ወይ ሩዝ መልቀም ያስቸግርሻል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ አዎ ካለች የማንበቢያ መነጽር ትፈልግ ይሆናል። ዝግጁ የማንበቢያ መነጽር ውድ አይደለም፣ እድሩ ሊገዛው ይችላል፣ ግን መጀመሪያ መታየት አለባት ምክንያቱም የዓይን ሞራም የዓይን ግፊትም ሊሆን ይችላል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ፣ ተማሪዎቹን በቡድን እንድትወስዱ ክፍሉን ቀድማችሁ አነጋግሩ። እቅዳችሁ ላይ የመጀመሪያው ወር ውስጥ ይግባ እባካችሁ፣ ጥሩ አምፖልም ጨምሩበት።

የኮሚቴ ሰው፦
ሀሳቡ ሁሉ ደስ ይላል ግን ስለ ገንዘብ ማን ያውራ? አመቻቿ በነጻ ነው የምትሰራው? ከሆነ እሷም አንድ ቀን ስራ አግኝታ ትሄዳለች ትምህርቱም አብሯት ይሄዳል። ቋንቋውን በተመለከተ አንድ አመቻች ይዛችሁ ሁለት ቋንቋ አይቻልም፣ አንዱን ምረጡና ቁርጥ አድርጉት።

አመቻች ከጎማ፦
ክፍያው ላይ 100% ልክ ነህ። እድሩ ከወር መዋጮው ትንሽም ቢሆን በቋሚነት ይመድብላት፣ ትንሽም ሆኖ በሰዓቱ ይከፈላት፣ የመዘግየቱ ነገር ነው ሰውን የሚያስመርረው። ቋንቋው ላይ ግን አልስማማም። ቤቷ አፋን ኦሮሞ የምታወራን ሴት በማታውቀው ቋንቋ ፊደል ማስቆጠር ማለት ሁለት ሸክም ባንዴ ማሸከም ነው፣ ድምጹን ታነበዋለች ትርጉሙ ግን አይመጣላትም። ቁቤ (አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል) ደግሞ ከ1984 ወዲህ የትምህርትም የቢሮም ጽሑፍ ነው፣ የልጇ ደብተር የተጻፈው በሱ ነው። ቤቷ አማርኛ የምታወራዋን ደግሞ በአማርኛ። ሁለት ቡድን ይሁኑ፣ አመቻቿ ሁለቱንም የምትችል ከሆነ ቀን ከፋፍላ ታስተምር፣ ካልሆነ ከእድሩ ልጆች 12ኛ የጨረሰ አንድ ረዳት አይጠፋም።

የመርካቶዋ እናት፦
እኔ በትልቅነቴ ነው የተማርኩት ይሄንንም ራሴ ነኝ የምጽፈው። ያቆየኝን ልንገራችሁ፣ አስተማሪያችን አንድም ቀን ብቻሽን ተነሽና አንብቢ ብላ አላሳፈረችኝም፣ ሁለት ሁለት ሆነን ነበር የምናነበው። ልጅ ይዘን እንድንመጣም ፈቅዳ ጥግ ላይ ምንጣፍ አንጥፋላቸው ነበር። ሌላው ስልክ ነው፣ ቴሌብር ሲመጣ ብር ገባ ወይስ አልገባ ብዬ ሚስጥር ቁጥሬን ለጎረቤት ልጅ እየሰጠሁ አስነብብ ነበር፣ አሁን የብሩን ቁጥርና የላኪውን ስም ራሴ አያለሁ። ለሴቶቹ ይሄን ቶሎ አሳዩአቸው፣ መጽሐፉ መጨረሻ እስኪደርስ አይጠብቁ። ከዛ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ማንበብ አለማምዱን፣ እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ስጨርስ መጀመሪያው ይጠፋብኝ ነበር፣ ያችኑ አጭር ጽሑፍ ደጋግሜ ደጋግሜ ሳነብ ነው የለቀቀልኝ።

አዌቱ ማዶ (ጠያቂ)፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ መምህር ዕድሜ ይስጥልኝ፣ እናታችንም የርስዎን ጽሑፍ ለኮሚቴው አነብላቸዋለሁ። የፊታችን እሁድ ስብሰባ አለን፣ ትምህርቱ ከጥር መጨረሻ ይጀምር፣ የለቀማ ደብተሩ ይታተም፣ አመቻቿ በወር ይከፈላት የሚለውን አቀርባለሁ። የዓይኑን ነገር እኔው ሆስፒታል ሄጄ እጠይቃለሁ። አመቻች ከጎማ፣ የደብተሩን አንድ ገጽ ፎቶ አንስተህ ብትለጥፍልን፣ ዓምዶቹን እንዴት እንዳሰመራችሁት እንድናይ?

አመቻች ከጎማ፦
ችግር የለም ነገ እለጥፈዋለሁ። አራት ዓምድ ነው፣ ቀን፣ ኪሎ፣ ብር፣ አራተኛው ባዶ ነው። እሱ ላይ የፈለጉትን ይጽፋሉ፣ አንዳንዷ የተበደረችውን ትጽፋለች፣ አንዳንዷ አብራት የለቀመችውን ሰው ስም።