ቤት የበሰለ ምግብ ውስጥ ያለውን ካሎሪ በትክክል እንዴት ልቁጠር?

ጀማሪዋ
ሰላም ለሁላችሁ። የምበላውን በአፕ እመዘግባለሁ። የታሸገው ላይ ችግር የለም፣ ጀርባው ላይ ተጽፏል። ቤት የሚበስለው ነው ያስቸገረኝ። ምስር ከሽንኩርትና ቲማቲም ጋር ለቤተሰቡ በአንድ ድስት ይሠራል፣ እኔ አንድ ሳህን እበላለሁ። አፑ ላይ «ምስር» ብዬ ስፈልግ አንዱ በ100 ግራም 116፣ ሌላው 352 ይላል። የቱ ነው ትክክሉ? የራሴን ድርሻስ እንዴት ልለይ? ዲጂታል ሚዛን አለኝ።

ሚዛን ያዥ
ሁለቱም ልክ ናቸው እህቴ። 352 የደረቀው ነው፣ 116 ደግሞ ተቀቅሎ ውሃ የጠጣው። ሲበስል ክብደቱ ጨመረ እንጂ ካሎሪው አልተነካም። የበሰለውን መዝነሽ በደረቁ ቁጥር ካባዛሽ ሦስት እጥፍ ትመዘግቢያለሽ። ስለዚህ ሁሉንም በጥሬው መዝኚ፣ በጥሬው ቁጥር አባዢ፣ የበሰለውን ክብደት ለማካፈያ ብቻ ተጠቀሚበት።

መጀመሪያ ባዶውን ድስት ያለክዳን መዝነሽ ጻፊው፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይሄን ነው፣ ምግቡ ከገባ በኋላ ደግሞ መመለሻ የለውም። 1450 ግራም ሆነ እንበል። ከዚያ፦

ደረቅ ምስር 400 ግራም = 1408
ዘይት 60 ግራም = 530
ሽንኩርት 300 ግራም = 120
ቲማቲም 250 ግራም = 45
ነጭ ሽንኩርት 20 ግራም = 30

ድምሩ 2133 ካሎሪ። ውሃውን መመዘን አያስፈልግም። እሳቱ ሲጠፋ ድስቱን ከነምግቡ መዝኚ፤ 3150 ከሆነ፣ 1450 ሲቀነስ ምግቡ 1700 ግራም ነው። 2133ን ለ1700 አካፍለሽ በ100 ስታባዢ፣ በ100 ግራም 125 ይመጣል። ሳህንሽ ላይ 320 ግራም ካወጣሽ 400 ገደማ በላሽ ማለት ነው። ትናንት የሠራሽውን ቁጥር ለዛሬው ድስት አትገልብጪ። ያው ምስር ትንሽ ጠንከር ብሎ 1500 ግራም ላይ ቢወርድ በ100 ግራም 142 ይሆናል።

ዘይት ቆጣሪ
ከላይ የተባለው ላይ ልጨምር። ድምሩን ብታዩት ምስሩና ዘይቱ ብቻ ከ90 በመቶ በላይ ይዘዋል። ስለዚህ ጊዜ ካጠረሽ ሽንኩርቱን በግምት እለፊው፣ ዘይቱን ግን በፍጹም። አንድ የሾርባ ማንኪያ (15 ሚሊ ሊትር) 120 ካሎሪ ነው፣ እጅ ደግሞ ሲያፈስ ሁለትና ሦስት ማንኪያ ያልፋል። ማንኪያ መስፈርም አያስፈልግም፦ ጠርሙሱን ሚዛን ላይ አስቀምጪ፣ ዜሮ አድርጊ፣ ድስቱ ውስጥ አፍሺና መልሰሽ አስቀምጪው። «-34» ካለሽ ያፈሰስሽው 34 ግራም ነው። ሚሊ ሊትሩን እንደ ግራም አትጻፊ፣ ዘይት ከውሃ ይቀላል፤ 15 ሚሊ ሊትሩ 14 ግራም እንኳ አይሞላም።

ጥብስ ላይ መጥበሻውን ከነዘይቱ ቀድሞና ኋላ መመዘን ነው። 1220 የነበረው 1180 ከሆነ 40 ግራም ሄዷል፣ ማለትም 354 ካሎሪ። የተጠበሰው ድንች ራሱ፣ ጥሬው ግማሽ ኪሎ፣ ያለ ዘይቱ 385 ነው! የተፈናጠረውና ወረቀት የጠጣው ስለሚኖር ቁጥሩ ትንሽ ይበዛል፣ ግን ይሻላል።

ዘይት ከላይ የሚንሳፈፍበት ምግብ ከሆነ ሳታማስይ አትጭለፊ። የመጀመሪያው ጭልፋ ዘይቱን ይዞ ይወጣል፣ ስሌቱ ግን ሁሉም ጭልፋ እኩል ነው ብሎ ነው የሚያስበው። ሥጋ ካለ ደግሞ ሠንጠረዡ የሚናገረው ስለሚበላው ክፍል ነው፤ አጥንቱን ከጥሬውም ከበሰለውም ክብደት ቀንሺ።

ጀማሪዋ
በጣም አመሰግናለሁ። ግን ሚዛኔ ከ3 ኪሎ በላይ አያነሳም፣ ድስቱም ትኩስ ነው።

ሚዛን ያዥ
ባዶ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጠሽ ዜሮ አድርጊ፣ ከድስቱ ግማሹን ገልብጪበትና ጻፊ። ከዚያ የቀረውን ከነድስቱ መዝነሽ የድስቱን ክብደት ቀንሺ፣ ሁለቱን ደምሪ። ትኩስ ድስት በቀጥታ ሚዛን ላይ አይቀመጥም፣ ንባቡን ያዛባል፤ የእንጨት መክተፊያ ከሥር አድርገሽ ዜሮ አድርጊው።

አንባቢ
ሁለት ነገር። አፑ ላይ ተጠቃሚ ያስገባቸው ቁጥሮች ብዙ ናቸው፤ «ጥሬ» ወይም «የበሰለ» የማይል መስመር አትምረጪ። አንዳንዱም ካሎሪ ሳይሆን ኪሎጁል ነው፣ ለ4.184 ይካፈላል። መጠርጠሪያው ቀላል ነው፦ ስቡን በ9፣ ፕሮቲኑንና ካርቦሃይድሬቱን በ4 አባዝተሽ ደምሪ፤ ከተጻፈው በጣም ከራቀ መስመሩን ተዪው። 4 እና 9 ራሳቸው አማካይ ስለሆኑ፣ ፋይበር የበዛበት ምግብም ትንሽ ስለሚያሳንስ፣ የ10 እና የ20 ልዩነት አያስጨንቅሽ።

ሌላው ለነገ የሚተርፈው ነው። ሲሞቅ ውሃው ይተናል ወይም ውሃ ይጨመርበታል፣ ያን ጊዜ 125ቱ አይሠራም። ድርሻሽን ከማሞቅሽ በፊት፣ በቀዝቃዛው መዝኚ።