የቀበና ወንዝን ፍሰት በክረምት እንዴት መለካት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሃይድሮሎጂ ቴክኒሻን ሆኜ ሥራ የጀመርኩት በቅርቡ ሲሆን፣ በቀበና ድልድይ አካባቢ የወንዙን ፍሰት እንድለካ ተመድቤያለሁ። በበጋ ውሃው ውስጥ ቆሜ በውሃ ፍጥነት መለኪያ መሣሪያ እሠራለሁ፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ወንዙ ድንገት ሞልቶ ድንገት ይጎድላል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ በሙላት ጊዜ ፈጽሞ ወደ ወንዙ አይግቡ። መሐል ከተማው ደረቅ ሳለ እንኳ በእንጦጦ የጣለው ዝናብ ጎርፍ ይዞ ሊደርስ ይችላልና ወደ ሰሜን ይመልከቱ። ከድልድይ ላይ ክብደት የታሰረበት መለኪያ ማውረድ ይቻላል፤ ሆኖም ግንድ፣ ጨርቅና ፌስታል አብሮ ስለሚወርድ መሣሪያው ሊጠመድ ይችላል። እኔ የምመርጠው፣ ርቀቱ በታወቀ ቀጥ ያለ የወንዙ ክፍል ላይ ተንሳፋፊ ነገር ለቆ የሚፈጅበትን ጊዜ መያዝ ነው። የላይኛው ውሃ ከአማካዩ ስለሚፈጥን፣ የተገኘውን ፍጥነት በ0.85 ገደማ ያባዙት።

ሌላ መልስ፦ የበጋውን ልኬትም አይናቁት። ጥልቀቱ ከ75 ሴንቲሜትር ሲያንስ ከውሃው ገጽ ወደ ታች በጥልቀቱ 0.6 ላይ፣ ሲበልጥ በ0.2 እና በ0.8 ላይ ለክተው አማካዩን ይውሰዱ። ይህ ልኬት ከመለኪያ ዘንጉ፣ ማለትም የውሃው ከፍታ ከሚነበብበት ቋሚ ዘንግ፣ ንባብ ጋር ተያይዞ የከፍታና የፍሰት ኩርባውን (በእያንዳንዱ የውሃ ከፍታ ፍሰቱ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳየውን መስመር) ይሰጥዎታል፤ ጎርፍ የወንዙን ወለል ከቀየረው ግን ኩርባው እንደገና መፈተሽ አለበት። የሙላቱ ጫፍ ካመለጠዎት በግንቡ ላይ የቀረውን የጭቃ መስመር ቀጣዩ ዝናብ ሳያጥበው በቀለም ያመልክቱት።

ጠያቂው፦ ከልብ አመሰግናለሁ። ተንሳፋፊው ምን ቢሆን ይሻላል?

መልስ፦ ብርቱካን። አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚሆን ነፋስ እንደ ባዶ ጠርሙስ አይገፋውም፤ ቀለሙም በደፈረሰው ውሃ ላይ ጎልቶ ይታያል።