ዝናብ በቀረ ቁጥር እንቅልፍ አጣለሁ፤ ምን ላድርግ?

የኩታበር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ቤተሰቦቼ ኩታበር ገበሬዎች ናቸው። በእኛ አገር ገብስ የሚዘራው በበልግ ነው። ዘንድሮ የካቲት ላይ አንድ ሁለት ቀን አካፍቶ ጠፋ፤ የአባቴ ዘር መሬት ውስጥ ቀረ። አባቴ የ77ቱን ድርቅ በልጅነቱ ያየ ሰው ነው። ስደውልለት «እግዜር ያውቃል» ይልና ወሬ ይቀይርብኛል። ድምፁን ግን አውቀዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሌሊቱን ስልኬ ላይ አፍጥጬ አድራለሁ። ቦረና ላይ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ቀርቶ ያለቀው ከብት፣ ጎርፍ የወሰደው መንደር፣ የሚቀልጥ በረዶ። ንድድ የሚያደርገኝ ደግሞ አፍሪካ በሙሉ ወደ አየር የምትለቀው ጭስ ከዓለም 4 በመቶ እንኳ አይሞላም። ያቃጠለው ሌላ፣ የሚደርቀው የእኛ ማሳ! ጓደኞቼ «ና ችግኝ እንትከል» ይሉኛል። አንድ ችግኝ ለአባቴ ማሳ ዝናብ ያመጣል? ራሴን እንዳላታልል እፈራለሁ። እንዲህ ተጨንቆ የወጣ ሰው ካለ እባካችሁ ይንገረኝ።

ወይራ፦
ወንድሜ፣ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ችግኝህ ለአባትህ ዝናብ አያመጣም፤ ያመጣል የሚልህ ካለ አትመነው። እኔን ከዚያ ሌሊት ያወጣኝ ግን ችግኝ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 አገሩ ሁሉ በአንድ ቀን 200 ሚሊዮን ችግኝ ሊተክል ሲወጣ እኔም ከሰፈሬ ልጆች ጋር የካ ተራራ ወጣሁ። ጭቃው፣ ዘፈኑ፣ የሰዉ ብዛት! ማታ በዜና ከ350 ሚሊዮን በላይ ተተከለ ሲባል እንባዬ መጣ። ከዚያ ረሳሁት።

ታኅሣሥ ላይ በእግሬ ስወጣ የኛን ረድፍ ፈልጌ አገኘሁት። አብዛኛው ደርቆ ቆሟል። አንዱን ሳብ ሳደርገው ምንም ሳይታገለኝ እጄ ላይ ቀረ። የፕላስቲክ ቱቦው አልወለቀም ነበር። ሥሩ መውጫ ሲያጣ ቱቦው ውስጥ እንደ ድውር ተጠምጥሟል፤ አፈሩ አቧራ ሆኗል። በእኛው እጅ ነው ከነቱቦው የተቀበረው። የሚያሳየን አልነበረም፣ እኛም አልጠየቅንም። ያንን ደረቅ ሥር ይዤ እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ግን ሳስብ የዋልኩት ስለ ዓለም ሙቀት ሳይሆን ስለዚያ ረድፍ ነው። ስድስት ጓደኞቼን ለመንኩ። ሰኔ ላይ 40 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍረን ለአንድ ወር ክፍቱን ተውነው፤ ሐምሌ ላይ 60 ችግኝ ብቻ ተከልን፣ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ። ከችግኙ በታች በኩል አፈሩን በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ከለልነው፣ ቁልቁል የሚወርደውን ውሃ እንዲይዝ። ዙሪያውን እሾህ አጠርን። ከኅዳር ጀምሮ በየቅዳሜው ተራ ገብተን ቢጫ ጄሪካን ይዘን እንወጣለን። የሃይላንድ ክዳን በመርፌ ትበሳና ጠርሙሱን ውሃ ሞልተህ ሥሩ አጠገብ ትደፋዋለህ፤ ቀስ እያለ ሲንጠባጠብ ይውላል። ፍየል የሚጠብቁትን ልጆችም ለመንናቸው። አሁን ከእኛ ይልቅ ተቆጪዎቹ እነሱ ናቸው።

ከ60ው 41 ጸደቀ። አንዱ ኮሶ ቁመቴን አልፏል። ስለ ድርቅ ስሰማ አሁንም ሆዴ ይባባል፤ ዓርብ ማታ ግን የማስበው ነገ ጄሪካኑን ማን እንደሚይዝ ነው። እንቅልፌ የተመለሰው ያኔ ነው። ስለዚህ ከጓደኞችህ ጋር ውጣ፤ ግን መጀመሪያ ታኅሣሥ ላይ ማን ተመልሶ እንደሚያጠጣ ጠይቃቸው።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በግብርና ልማት ጣቢያ ነው። ወይራ ያለችው ልክ ነው፤ እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ሁልጊዜ መትከል የግድ አይደለም። ወላይታ ሁምቦ ላይ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተራቆተ ተራራ ከከብትና ከመጥረቢያ ተከለለ። ከ2,700 ሄክታር በላይ ነው። ደኑ በአብዛኛው የተመለሰው ከመሬት በታች በሕይወት ከነበረው ጉቶና ሥር ነው። ገበሬው ከሚያቆጠቁጠው መካከል ጠንካራውን እየመረጠ ሌላውን ይመለምላል፣ ያ ብቻ ነው። በኋላም ደኑ አምቆ ለያዘው ካርቦን ማኅበረሰቡ ገንዘብ አገኘበት።

ለአባትህ የሚጠቅመው ይኸው ነው። ደን ዝናብን ጠርቶ ማሳህ ላይ አያወርድልህም፤ የወረደውን ግን ይይዛል። ከማሳው በላይ ያለው ገደል ራቁቱን ከሆነ የመጣው ዝናብ አፈሩን ይዞ ይሄዳል። ለዕረፍት ስትገባ ከአባትህ ጋር ያንን ገደል ውጣና እየው። ጉቶ ካለ ከጎረቤት ጋር ተማክራችሁ ከብት ከልክሉ፣ እርከን ሥሩ።

የፋርጣ ልጅ፦
ጋሼ ስለ መከለል ያነሱት ትዝታ ቀሰቀሰብኝ። ደቡብ ጎንደር ላይ እርሻው ሁሉ ገላጣ ሆኖ ቤተ ክርስቲያኑ ብቻ በደን ተከብቦ ታያለህ። ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች ለዓመታት ያጠኑ ሰው ናቸው። ገበሬው ከማሳው የለቀመውን ድንጋይ ደኑ ዙሪያ ካበው፤ ማሳው ለማረስ ቀለለ፣ ከብቱም ቡቃያውን መጋጥ አልቻለም። እኔም በልጅነቴ ድንጋይ አቀብያለሁ። ከካቡ ውስጥ የምትበቅለዋን ወይራ ከካቡ ውጭ አታገኛትም።

የኩታበር ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ አባቴን ስለ ዝናቡ ሳይሆን ስለ ገደሉ ጠየቅሁት። ጉቶ አለ አለኝ፣ የወይራና የግራር። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አወራኝ፤ እንዲህ ካወራን ቆይተናል። ቅዳሜ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር ጉድጓድ ልቆፍር ነው። ወይራ፣ ቱቦውን ስናወጣ አፈሩ እየተበተነ ሥሩ ይራቆታል ይላሉ፤ እናንተ እንዴት አደረጋችሁት?

ወይራ፦
ሐምሌ ስትተክሉ ከዋዜማው ማታ አጠጡት፤ አፈሩ ይጣበቃል። ጠዋት ቱቦውን በምላጭ ከጎን ከላይ እስከ ታች ቅደደው፣ ግንዱን ይዘህ እንዳትጎትት። በሁለት እጅህ ከሥር ደግፈህ ጉድጓዱ ውስጥ አስቀምጠው፣ አፈር መልስና በእግርህ ቀስ ብለህ ጠቅጠቅ አድርግ። ቱቦዎቹን ሰብስባችሁ ይዛችሁ ውረዱ።